ዝቅ ያለው ዜማ

በሦስተኛው ቀን የቤቱ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ያወራ ነበር። ለእሱ ግን ሹክሹክታ ማለት የከንፈር መንቀሳቀስ ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የወለል ሴራሚክ ሲቆርጥ ግራይንደሩ ቀጫጭኑን ድምፅ ሁሉ ከጆሮው ላይ ልጦ ወስዶበታል፤ የወፍ ጩኸት፣ የስልክ ጥሪ፣ የሴቶች ንግግር ግማሹ፣ ከሄዱ ቆይተዋል። የቀረለት ወፍራም ወፍራሙ ነው፤ የመኪና ሞተር፣ የበር ድምፅ፣ የወንድ ንግግር። እናም ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ የቀዘቀዘ ሻይ በእጁ ይዞ፣ የለቀስተኛውን አፍ ያያል።

አይሰማም ብለው እንጂ እዚያው ፊት ለፊቱ አያወሩም ነበር። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ ወደ ሚስቱ ታናሽ እህት ጠጋ ብላ አንድ ቃል ስትናገር አያት። ያንን ቃል ለማወቅ ጆሮ አያስፈልገውም። ሐሙስ ነው ያለችው። ታናሽ እህትየው ቶሎ ብላ ወደ እሱ ዞረች፤ ዓይን ለዓይን ሲጋጩ ፔርሙዙን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

የሞተችው ሚስቱ ጆሮ መርማሪ ነበረች። የተገናኙትም በዚሁ ነው። የዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት አሠሪው፣ ወይ አትሰማም ወይ ንቀኸኛል፣ አንዱን አጣርተህ ና ብሎ ወደ ሆስፒታል ሰደደው። እሷ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አደረገችለትና፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር አንዲት ቁልፍ እንዲጫን ነገረችው። ቁልፏን በተጫነ ቁጥር በመስኮቱ ማዶ ፈገግ ስትል አየ። ከዚያ በኋላ የሰማውንም ያልሰማውንም ይጫን ጀመር። በመጨረሻ ገብታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ወንድሜ፣ ይሄ ፈተና አይደለም። ባትሰማ ማንም አይቆጣህም» አለችው።

በስምንተኛው ወር ተጋቡ። ልጅ አልሰጣቸውም፤ ቤቱን የሞላው የሙዚቃ ሸክላ ነው።

ሸክላው ሁሉ ከአንድ ባንድ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል። ልጅ ሳለች በሬዲዮ የሰማቻቸው፣ እስከ መጨረሻዋም ከልቧ ያልወጡ አራት ወጣቶች ነበሩ። «አራቱ» ትላቸው ነበር፣ ስለ አጎቶቿ እንደምታወራ። ጊታራቸው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው፤ ዜማቸው ግን ሕፃን እንኳ አንዴ ሰምቶ የሚያንጎራጉረው ማር። ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች ይህን ዓይነት ሙዚቃ ፓወር ፖፕ ይሉታል። እሷ በሩን በርግዶ ገብቶ እቅፍ የሚያደርግህ ዘፈን ነው ትል ነበር።

አራቱን ማንም ያውቃቸዋል። እሷ ያሳደደችው ከእነሱ በኋላ የመጡትን ነው፤ እነሱን ሰምተው ጊታር የገዙትን፣ አንድ ሸክላ አሳትመው የጠፉትን። የሸክላውን ልባስ ጀርባ በአጉሊ መነጽር ታነባለች። ከአንዱ ምስጋና ውስጥ የሌላውን ስም ታገኛለች፤ ያኛው ደግሞ ወደ ሌላ ይመራታል። ታላላቆቹንማ ዓለም ያስታውሳቸዋል፣ እነዚህን ማን ያስታውስላቸው ትል ነበር። ከሥራ ሲገባ «ዛሬ ማንን አገኘሁ መሰለህ?» ብላ ትቀበለዋለች። አንድ ቀን ዱቄት ፋብሪካ የሚሠሩ መንትዮች ናቸው፤ በወፍጮው ጩኸት ላይ ለመሰማማት ሲሉ ድምፅ ማስማማት የለመዱ። ሌላ ቀን አሥራ አንድ ዘፈን ጽፋ ሦስቱን ብቻ ያስቀረጸች ፋርማሲስት። እሱ መዳፉን ስፒከሩ ላይ አድርጎ ድራሙን ያዳምጥና የቀረውን ከፊቷ ያነባል። ያምራል ይላታል። ምኑ ስትለው ፊትሽ ይላል። ይሣሣቃሉ።

ይህ ግን ከሐሙሶቹ በፊት ነው።

ከስድስት ወር ወዲህ ሐሙስ ከሰዓት የት እንደምትሄድ አትናገርም ነበር። ሥራ ነው ትላለች። ሐሙስ ከሰዓት ዕረፍቷ እንደ ሆነ ግን አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ሳታስበው ነገረችው። ነገሩን ዋጠው። ከዚያ መስታወት ቤቶች በተደረደሩበት መንገድ ላይ የአንድ ሕንፃ ወለል ሲያነጥፍ፣ ከሁለተኛው ፎቅ ቁልቁል አያት። ፀጉሩ የነጣ ሰው የሱቁን በር ከፈተላት፤ ከገባችም በኋላ የብረት መዝጊያውን እስከ ግማሽ አወረደው። የዚያን ቀን ያነጠፈው ወለል ጠማማ ሆነና በማግሥቱ አፍርሶ ደገመው።

አልጠየቃትም። ጥያቄ መልስ ያመጣል፤ መልሱን ደግሞ መስማት ሊኖርበት ነው። ለእሱ ማኩረፍ ቀላል ነበር፤ እሷ ያሠራችለትን የመስሚያ መሣሪያ ከጆሮው አውልቆ መሳቢያ ውስጥ መክተት ብቻ። ባትሪው አልቋል ይላል። እሷ ባትሪ ታመጣለች። ያሳክከኛል ይላል። እሷም በየቀኑ ሙከራዋን አላቋረጠችም፤ እሱም ግድግዳ ግድግዳውን ማየቱን። ሁለት ወር እንዲህ ኖሩ። ልብስ ሰፊዋ በአጥር በኩል የቤቱን መቀዝቀዝም፣ የሚስቱን የሐሙስ መውጣትም ታዝባ ነበር። ጎረቤት ካወቀ ደግሞ ሰፈር አወቀ ማለት ነው።

አንድ ማክሰኞ፣ በሁለት በሽተኞች መሀል፣ ራሴን አለችና ጠረጴዛዋ ላይ ደፋ አለች። አልተነሣችም።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ያ ፀጉሩ የነጣ ሰው በር ላይ ቆመ። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል፤ ጣቶቹን የድሮ የመስታወት ጭረት ሞልቷቸዋል። የሳሎኑ አፍ ሁሉ በአንዴ ቆመ። ባልየው ተነሥቶ አንገቱን ሊያንቀው አሰበ። ሰውየው ግን ቀድሞ ወንበር ስቦ ትክክል ፊት ለፊቱ፣ ከመስኮቱ ብርሃን በኩል ተቀመጠ። ድምፁ ወፍራም ነበር።

«ፊቴን ወደ አንተ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ እንድናገር አስተምራኛለች» አለ። «እግዚአብሔር ያጽናህ። መስታወት ቆራጭ ነኝ። በወጣትነቴ ግን ዘፋኝ ነበርኩ፤ ማንም የማያውቀው ዘፋኝ።»

መስታወት ቆራጩና ሦስት ጓደኞቹ አራቱን ሰምተው ያበዱ ልጆች ነበሩ። አንድ ሸክላ አሳተሙ፤ ሁለት መቶ ቅጂ። ግማሹን ዘመድ በይሉኝታ ወሰደው፤ ግማሹ አልጋ ሥር ሆኖ ልባሱን አይጥ በላው። ከዚያ ትዳር መጣ፣ ልጅ መጣ፣ ጊታሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ሟቿ ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ አንዱን ቅጂ አግኝታ ጀርባውን ስታነብ፣ ለልምምድ ሱቁን ለለቀቀላቸው መስታወት ቤት የተጻፈች ምስጋና አየች። በዚያች ብቻ ተመርታ የመስታወት ቤቶቹን መንገድ ከዳር እስከ ዳር አንኳኳች።

«ገብታ ሰላም እንኳ ሳትለኝ፣ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ከሁሉም በላይ የምትወጣዋን ድምፅ የዘፈንከው አንተ ነህ ወይ አለችኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። መቁረጫዬን ጥዬ ተቀመጥኩ።»

ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ባልየው ገና ሳይዘረጋ አወቀው። የራሱ የጆሮ ምርመራ ውጤት ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ገደል የሚገባው መስመር። ገደሉ አፋፍ ላይ፣ በእርሳስ፣ በእሷ የእጅ ጽሑፍ፣ «እስከዚህ ይሰማል» ይላል።

«ባሌ ከዚህ ወዲያ አይሰማም፣ ዘፈንህን ወደዚህ አውርድልኝ አለችኝ» አለ መስታወት ቆራጩ። «የዚህ ሙዚቃ ነፍሱ ከፍታው ነው፣ ብታወርጂው የቀብር ዜማ ይሆናል አልኳት። እርጅናው መች አነሰህ፣ ድምፅህን አውርዶልሃል፣ በል ዝፈን ብላ ሳቀችብኝ።»

ከድሮ ጓደኞቹ በሕይወት ያለው አንድ ፀጉር አስተካካይ ብቻ ነበር፤ ቤዝ ጊታሩን አቧራውን አራግፎ መጣ። ሐሙስ ሐሙስ፣ ደንበኛ እንዳይገባ መዝጊያውን እስከ ግማሽ አውርደው፣ ሱቁ ውስጥ ይለማመዱ ጀመር። ቤዙ ሲመታ የተደረደረው መስታወት ሁሉ አብሮ ይንጫጫል። እሷ ከቤቷ ብርድ ልብስ አምጥታ በየመስታወቱ መሀል አስገባች። ሦስት ዘፈን ነበር ያሰቡት። አንዱ ተቀርጾ አልቋል።

ባልየው ወረቀቱን አጠፈው፤ መልሶ ዘረጋው።

«ለምን አልነገረችኝም?» አለ። ካሰበው በላይ ጮኾ ስለወጣ ከጓዳ ሰው ብቅ አለ።

«ሦስቱ ሲያልቁ ልትነግርህ ነበር።» መስታወት ቆራጩ ጥቂት አመነታ። «የመጨረሻዋ ሐሙስ ዕለት ግን፣ ሰሞኑን አኩርፎኛል፣ እባካችሁ ቶሎ ጨርሱልኝ ነው ያለችን።»

ባልየው ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ለሚስቱ እህት ያልነገረውን፣ ለራሱም በቅጡ ያልነገረውን፣ ለዚህ ለማያውቀው ሰው ነገረው።

«ማክሰኞ ጠዋት በር ላይ ሆና አንድ ነገር ተናግራኝ ነበር። ያን ቀን መስሚያው ጆሮዬ ላይ ነበር። ባትሪውም አላለቀም። ምን አልሽ ብላት ትደግምልኝ ነበር። እኔ እንዳልሰማ ሆንኩ።»

መስታወት ቆራጩ ሊያጽናናው አልሞከረም። አይዞህም አላለው። ያንን ባለጭረት እጁን የባልየው ጉልበት ላይ ጫን አድርጎ ቆየ፤ ከዚያ ያለቀው ዘፈን ያለበትን ትንሽ ፍላሽ አውጥቶ ለታናሽ እህትየው ሰጣት።

እሷ በሐዘን ቤት ዘፈን እንዴት ይሆናል በሚል ዓይን ዙሪያዋን ቃኘች። ከዚያ ወደ ስፒከሩ ሄዳ ሰካችው።

በመጀመሪያ ቤዙ መጣ። ከጆሮው በፊት ጎድኑ ሰማው። ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ ገባ፤ ወፍራም፣ ትንሽ ሻካራ፣ ግን ደስተኛ። ቃላቱ አንድ በአንድ እንደ ተቆጠረ ሴራሚክ እየተደረደሩ መጡ፤ አንዱም አልጎደለ። ልጅቷ ጋ ለመድረስ ብስክሌቱን ሌሊቱን ሲጠግን ያደረ፣ ሲነጋ ግን ፔዳሉን ገልብጦ መግጠሙን ያየ ልጅ ታሪክ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ሚስቱ ፊት ላይ ሲያነበው የኖረው ነገር ለካ ይህን ይመስላል። ለካ ያስቃል። አንዲት ለቀስተኛ እግሯ ሳታውቀው ወለሉን ይመታ ጀመር፤ ደንግጣ አቆመች። ልብስ ሰፊዋ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ አንገቷን ደፋች።

ዘፈኑ አለቀ። ከማለቁ ጋር አንድ ቀጭን ነገር ሽው ብሎ አለፈ። ድምፅ መሆኑን ያወቀው የታናሽ እህትየው ፊት ሲለዋወጥ አይቶ ነው። እሷ አፏን በእጇ ያዘች።

«እህትሽ ምን አለች?» አላት።

እሷ ዓይኗን ከስፒከሩ ላይ አላነሣችም።

«እባክሽ፣ እህቴ። ምን አለች?»

እጇን ከአፏ ላይ አነሣች። ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞረች፤ ከንፈሯን በደንብ እያንቀሳቀሰች፣ ቀስ ብላ ነገረችው።

«አውቶቡሱ ሳያመልጠኝ ወደ ቤቴ ልሂድ ነው ያለችው፣ ጋሼ።»

ራሱን ነቀነቀ። ሶፋው ላይ፣ ከጎኑ፣ ሚስቱ ትቀመጥበት በነበረው ቦታ፣ አንዱ እንግዳ ያስቀመጠው ኮት ነበር። አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አደረገው። ከዚያ አዲስ ወለል ላይ አቧራ እንደሚጠርግ ሰው፣ ባዶውን ቦታ በመዳፉ ቀስ አድርጎ ጠረገው።