ሸምሰዲን፣ አለህ?

ረቡዕ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ካለፈ ከሁለት ደቂቃ በኋላ የሟቹ ስልክ ሲንቀጠቀጥ፣ ካናዳ ውስጥ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባል ሰፈር አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ መኪያ፣ ልጇ ጀላል እና የባሏ የታክሲ ባልደረባ ጥሩነህ። ሸምሰዲን ከሞተ ሃምሳ ሁለተኛ ቀኑ ነበር።

ስልኩ በመስኮቱ አጠገብ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። መኪያ ባሏ ከሞተ ጀምሮ በየቀኑ ቻርጅ ታደርገዋለች። "ሰው ቢደውልለትስ?" ትላለች ሲጠይቋት። እስከዚያ ቀን ግን አንድም ሰው ደውሎለት አያውቅም ነበር።

ጀላል ከሚሠራበት ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል መግባቱ ነበር። አንዱን ጫማ አውልቆ ሌላው እግሩ ላይ እንዳለ እያነከሰ ሄደና ስክሪኑን አየው።

"ምን ይላል?" አለች መኪያ።

"ምንም።"

"ስልክ በምንም አይንቀጠቀጥም። አንብብልኝ።"

ጀላል ጉሮሮውን ጠረገ። "'ሸምሰዲን፣ ትዕዛዝህ ተፈጽሟል። ሦስት መቶ አክሲዮን ገዝተሃል' ይላል።"

"መቼ ነው የገዛው?"

"አሁን፣ ኡሚ። ከሁለት ደቂቃ በፊት።"

በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈው የማሞቂያ ቧንቧ ቋ፣ ቋ፣ ቋ አለ። ክረምቱን ሙሉ እንደዚያ ሲያደርግ የከረመ ቧንቧ ነው። ያን ጊዜ ግን ሦስቱም ወደ ግድግዳው ዞሩ።

"ወይ ሸምሱ!" አለ ጥሩነህ፤ ሊስቅ ጀምሮ መሃል ላይ ተወው። "አትደንግጡ። ይሄን እኔ አውቀዋለሁ። ሊሞት አንድ ሳምንት ሲቀረው ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ነው ያስገባው። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ሳንቡሳውን እየበላሁበት። ዋጋው ከዚህ በታች ሲወርድ ራሱ ይግዛልኝ ብሎ የሚተው ትዕዛዝ አለ። ዘጠና ቀን ይቆያል።"

"ሰውየው ቢሞትም?" አለች መኪያ።

"ማሽኑ መሞቱን በምን ያውቃል?"

አክሲዮኑ ከምዕራብ ካናዳ ጋዝ በቧንቧ የሚያመጣ የአንድ ኩባንያ ነው። ሸምሰዲን ታክሲ ነድቶ ካገኘው እየቆነጠረ አሥራ አንድ ዓመት አክሲዮኑን ሲገዛ ኖሯል። የባንክ ወለድ ሐራም ስለሆነበት፣ "ዲቪደንድ ግን ከትርፍ የሚደርሰኝ ድርሻዬ ነው" ይል ነበር። ከመኪያ ጋር ሐጅ ሊሄዱበት ያጠራቀሙትን ከሃያ ስምንት ሺህ በላይ ዶላርም ወለድ እንዳይነካው ብሎ እዚያው የአክሲዮን ሒሳቡ ውስጥ አስቀምጦት ነበር። መኪያ አሁን የባሏን የኀዘን ጊዜ፣ ኢዳዋን፣ እየቆጠረች ከቤት አትወጣም። አራት ወር ከአሥር ቀኗ ከሐጁ በፊት ስለሚሞላ ከወንድሟ ጋር ልትሄድ ተመዝግባለች፤ የመጨረሻው ክፍያ ወሩ ሳያልቅ መግባት አለበት። ከወንድሟ ልጅ ሠርግ ይልቅ፣ ከራሷ ሕክምና ይልቅ፣ ይህችን ጉዞ ስታስብ ነው ዓመታት ያለፏት።

ያን ዕለት ጠዋት ገበያው ሳይከፈት ኩባንያው ዲቪደንዱን በግማሽ መቁረጡን አስታወቀ። ማክሰኞ ሃያ አራት ዶላር የነበረው አክሲዮን ረቡዕ ሲከፈት አሥራ ስምንት ከሰማንያ ሆነ።

"ስንት ትዕዛዝ ነው ያስገባው?" አለ ጀላል።

"ሦስት። እንደ ደረጃ ነው የደረደራቸው። አሥራ ዘጠኝ ሲሆን ጥቂት፣ አሥራ ስምንት ሲሆን ጨመር፣ አሥራ ሰባት ሲሆን የቀረውን በሙሉ።"

"የቀረውን በሙሉ?"

"ምን አለኝ መሰለህ? 'ዲቪደንድ የተቆረጠ ቀን ሰው ሁሉ እየተጋፋ በደረጃው ይወርዳል፤ እኔ ታች ቆሜ እጠብቃለሁ' አለኝ።"

መኪያ ዓይኖቿን ወደ ወለሉ ጣለች። "'ታች ቆሜ' አለ?" አለች ቀስ ብላ።

ጥሩነህ አፉን ያዘ። ሸምሰዲንን ወደ መቃብሩ ያወረዱት እሱና ጀላል ነበሩ።

ጀላል ስልኩን ሊከፍት ሞከረ። ስልኩ የሚከፈተው በአባቱ አውራ ጣት ነው። የራሱን አውራ ጣት ሦስት ጊዜ አስነካው፤ ሦስት ጊዜ እምቢ አለው። ያ የአባቱ ደረቅ የታክሲ ሹፌር ጣት፣ ጥፍሩ በበር ተመትቶ ለሁለት የተሰነጠቀው፣ ፊቱ ድቅን አለበት፤ ስልኩንም እንደሚያቃጥል ነገር መልሶ አስቀመጠው።

"ሒሳቡን የያዘው ድርጅት ጋ ኮል አድርጌ ካንስል አስደርገዋለሁ" አለ።

"ምን ብለህ?" አለ ጥሩነህ። "ሞቷል ካልካቸው ዛሬውኑ ይቆልፉታል። ፍርድ ቤት ወረቀት እስኪሰጣችሁ አንዲት ሳንቲም አትወጣም። ለእኔ ብትሉኝ ተዉት። ፈሪ ሲሸጥ ሸምሱ ይገዛል። የተቆረጠውም ዲቪደንድ ቢሆን በዚህ ዋጋ ከባንክ ይሻላል። የሞተ ሰው እኮ እንደ እኛ አይደነግጥም።"

"ጋሽ ጥሩነህ፣ ብሩ የኡሚ ሐጅ ነው። አክሲዮኑ ነገም ቢወርድስ? በምን ትከፍላለች?"

"እሱ ያዘዘውን ነገር መንካት ደስ አይለኝም" አለች መኪያ። ለማንኛቸው እንደተናገረች አልታወቀም።

አምስት ሰዓት ከአምስት ላይ ስልኩ እንደገና ተንቀጠቀጠ። በጠረጴዛው ላይ እየተንሸራተተ እስከ ጠርዙ ሄዶ ቆመ። አራት መቶ አክሲዮን፣ በአሥራ ስምንት። ቧንቧውም ቋ፣ ቋ አለ። መኪያ "አዑዙ ቢላህ" ብላ ወደ ውስጥ ገባችና ወዲያው ተመለሰች፤ ለብቻዋ መሆን አልቻለችም። ጥሩነህ በራሱ ስልክ ዋጋውን እየተከታተለ ይናገራል፤ "አሥራ ሰባት ከሰባ።" ጥቂት ቆይቶ፣ "አሥራ ሰባት ከአርባ።" ከደረጃው ላይ እየወረደ ያለ ሰው ኮቴ የሚቆጥር ይመስል ነበር።

"አሥራ ሰባት ከሃያ" ሲል ጀላል ከመሳቢያው የድርጅቱን ደብዳቤ አወጣና በገዛ ስልኩ ደወለ።

በስልክ እንግሊዝኛ ማውራት አይወድም። ሰው ፊት እንኳን ዓይን አፋር ነው። የሒሳቡን ቁጥር አስገብቶ ጥቂት ሙዚቃ ከሰማ በኋላ አንዲት ሴት አነሳች።

"ሸምሰዲን ነህ?"

"አዎ" አለ ጀላል።

ሊዋሽ አስቦ አልነበረም። በዚህ አገር የአባት ስም የቤተሰብ ስም ነው፤ በደረቱ በሚያንጠለጥላት የሥራ መታወቂያ ላይ የተጻፈችውም እሷ ነች። አለቃው "ሸምሰዲን!" ብሎ ሲጠራው ስድስት ዓመት ሙሉ "አቤት" ሲል ኖሯል።

"የተወለድክበት ወርና ቀን?"

"ጃንዋሪ ዋን።"

ይህም እውነት ነው። በስደት ካርቱም ሲመዘገቡ ልደቱን የሚያውቅ ስላልነበረ አባትም፣ እናትም፣ ልጅም ጃንዋሪ አንድ ተብለው ነው የተጻፉት። ሁለቱም መልሶች እውነት ነበሩ። ግን ሴትየዋ "አመሰግናለሁ፣ ሸምሰዲን፤ እንኳን በደህና ተመለስክ" ስትለው አንገቱ ላይ ያለው ጸጉር ቆመ።

"ዛሬ ሁለት ጊዜ ገዝተሃል" ቀጠለች ሴትየዋ። "ያልተፈጸመ አንድ ትዕዛዝ ይቀርሃል፤ ዘጠኝ መቶ አክሲዮን፣ በአሥራ ሰባት። እንዲሰረዝልህ ትፈልጋለህ ወይስ ይቆይልህ?"

አንዲት ቃል ብቻ ነበር የቀረችው። ይሰረዝ ካለ ብሩ ይተርፋል፤ ነገ በዚሁ ድምፅ ደውሎ ሊያወጣውም ይችላል። እነዚህ ሰዎች ዘንድ አባቱ በሕይወት አለ። ዛሬ ጠዋት ገዝቷል፣ አሁን ደግሞ እያወራ ነው።

መኪያ የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጇ ይዛለች። ጀላል በስልክ ሲያወራ ድምፁ ወፍሮ ቁርጥ አባቱን ነው። ይህን ሁሉም ሰው ይነግረው ነበር፤ ከቀብሩ ወዲህ ግን አንድም ሰው አንስቶበት አያውቅም።

"ማን ነኝ አልካት?" አለችው።

የስልኩን አፍ በመዳፉ ሸፈነ። "ሸምሰዲን።"

"እና አንተ ማን ነህ?"

"ኡሚ፣ አሁን አይደለም—"

"የእኔን ሐጅ ማን ነው የሚከፍልልኝ? እሱ ነው ወይስ አንተ? አላህ ፊት ስቆም ማን ከፈለልሽ ብባል ምን ልበል?"

"ኧረ ተይው መኪያ፣ ትሰማለች!" አለ ጥሩነህ በሹክሹክታ። ዓይኑ የራሱ ስልክ ላይ ነበር። "አሥራ ሰባት ከአራት ሳንቲም።"

ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጨልሟል። ጀላል ጥቁሩን መስታወት አየ። የገዛ ፊቱ ከታች ወደ ላይ ያየው ነበር፤ ግንባሩ የአባቱ፣ ጆሮውም የአባቱ። ታች ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ይመስላል።

"ሸምሰዲን?" አለች ሴትየዋ። "ሸምሰዲን፣ አለህ?"

ጀላል መዳፉን ከስልኩ ላይ አነሳ።

"የለም" አለ። "ከሞተ ሃምሳ ሁለት ቀኑ ነው። እኔ ልጁ ነኝ። ጀላል እባላለሁ።"

በወዲያኛው በኩል የቁልፍ ሰሌዳ ድምፅ ተሰማ፤ ሴትየዋም ልክ እንደ ሐኪም ዝግ ብላ "ልባዊ ኀዘኔን እገልጻለሁ፣ ጀላል" አለችው። ከድርጅቱ ሰው በስሙ ሲጠራው ያ የመጀመሪያው ነበር።

ጥሩነህ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። "አንተ ልጅ!" አለ። "አንተ የማትረባ ልጅ!" ከዚያም ተነስቶ የጀላልን ትከሻ ጨበጥ አደረገና ኮቱን ፈለገ።

መኪያ ወደ መስኮቱ ሄደች። የቻርጀሩን ሽቦ ከሶኬቱ ነቅላ በክንዷ ላይ ጠቀለለችው።

ሦስተኛው ትዕዛዝ አልተፈጸመም። አክሲዮኑ ገበያው ሲዘጋ አሥራ ስድስት ከዘጠና ነበር። ሒሳቡ ተቆለፈ፤ የፍርድ ቤቱ ወረቀት አሥራ አንድ ወር ፈጀ፤ መኪያ በዚያ ዓመት ሐጅ አልሄደችም። የሸምሰዲን ስልክ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ባትሪው አልቆ ጠፋ።