የኤሌክትሪኩ ፒካፕ፣ ፋንድያውና የጋሽ ዘርኣማርያም ሶፋ

መኪናችን ትራክተር ጎተተ! በናታችሁ አንዴ አስቡት፣ ትራክተር! ድምፅ የለ፣ ጭስ የለ፣ እንደ ድመት ዝም ብሎ ሄዶ የሰውየውን ትራክተር ከጭቃ መንጭቆ አወጣው። እኔ ከኋላ ቆሜ እየቀረጽኩ፣ ከደስታዬ ብዛት አፌን ከፍቼ «ዋውውው!» ስል የትራክተሩ ጎማ ተሽከረከረና... ኤጭ! አፌ ውስጥ ገባ። ፋንድያ። የፈረስ ፋንድያ! ጥርሴን ስንቴ እንደቦረሽኩት አትጠይቁኝ፣ አሁንም ምላሴ ላይ ያለ ይመስለኛል። ቱ!

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አርሴማ ነኝ። የምንኖረው ጀርመን፣ ኖርድቬስትሽታት የሚባል ሰፈር ፎቅ ላይ ነው። አባቴ ሕሩይ ግን ልቡ ያለው የከተማው ዳር ኒድ ነው፣ ወንዙ አጠገብ መሬት ተከራይቶ ጎመን፣ ቃሪያና በሶብላ እያመረተ ለሐበሻ ሱቆች ይሰጣል። ዘንድሮ አሮጌው የናፍጣ መኪናው ምርመራ አላልፍ ብሎ ቀረ። አባዬ ደግሞ ጀርባውን ኦፕራሲዮን ስለተደረገ ያለ መኪና ምንም መሸከም አይችልም። እና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የኤሌክትሪክ ፒካፕ ለሙከራ ይዞ ከች! ሰኞ ወይ ይፈርማል ወይ ይመልሳል።

እማዬ ውብነሽ ገና ስታየው ወገቧን ያዘች።

«ስማ ሕሩይ፣ ይሄ መኪና ለእርሻ ካልሆነ እርሻው ራሱ ይቅር። ጀርባህን ሁለተኛ አላስቀድድም።»

«ይሆናል ባክሽ!»

«አንተማ ይሆናል ነው የምትለው። አይሆንም ብለህ ታውቃለህ?»

«እሺ፣ አርሲ ትፍረድ። እሷ አትዋሽም። ቅዳሜ አብራኝ ትዋል፣ ያለችውን እቀበላለሁ።»

በልቤ እልልል! ገባችሁ አይደል? «አይሆንም» ካልኩ በቃ፣ እርሻ የለም፣ ፋንድያ የለም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የራሴ!

ቅዳሜ ጠዋት ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የፈረስ ጋጣ ሄድን። ፋንድያውን በነፃ ነው የሚሰጡት፣ እኔማ ከፍለውኝም አልወስደው። ይጨሳል። እውነቴን ነው፣ ይጨሳል! ውስጡ ነጫጭ ትል ይንቀሳቀሳል። የጋጣው ሰውዬ በማሽን ዘረገፈልን። የፒካፑ መጫኛ አጭር ስለሆነ የተረፈውን ከኋላ በምንጎትተው አንሄንገር ላይ ጫንን። አባዬ እንደ ሙሽራ መኪና ዞር ዞር እያለ ያየዋል።

«አየሽ፣ ፈረሶቹ እንኳን አልደነገጡም። ድምፅ የለውማ!»

«አባዬ፣ የባትሪው ቁጥር እየወረደ ነው።»

«ጭነት ስላለ ነው። ኒድ ቅርብ ነው፣ ምን አስጨነቀሽ?»

እውነቱን ነው፣ ቅርብ ነበር። ቀጥታ ብንሄድ ኖሮ። ግን ስልኩ ጮኸ።

ጋሽ ዘርኣማርያም ናቸው። አባዬ ጀርመን ሲገባ ያስጠጉት ሽማግሌ፣ የከተማው ሌላ ጫፍ፣ ፌኸንሃይም የሚኖሩት። አባዬ ደግሞ ከእሳቸው ጋር ስልክ ላይ እንኳን ቁጭ ብሎ አያወራም፣ ጎንበስ ይላል። እየነዳ ጎንበስ አለ!

«አቤት ጋሼ... ሶፋ?... እኛ ሰፈር?... ኧረ ምን ችግር አለው ጋሼ፣ አሁኑኑ!»

«አባዬ! ፋንድያ ጭነናል እኮ!»

«ሽማግሌ እምቢ ይባላል እንዴ? ላስቲክ እናነጥፍበታለን።»

ጋሼ የገዙትን ሶፋ ለማንሳት ወደ ሰፈራችን ተመለስን፣ አባዬም አነጠፈበት። ከፋንድያው ላይ ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ላይ ሶፋ። ክሬም ቀለም ያለው የቆዳ ሶፋ! ላስቲኩ ጥጉ ላይ ተቀዷል። እኔ አይቻለሁ። አባዬም አይቷል። ተያየን፣ መኪናውን አስነሳ።

ፌኸንሃይም ሳንደርስ ባትሪው ቀይ ሆነ። ቻርጅ ማድረጊያው ጋ ስንደርስ ደግሞ አንሄንገሩ አላስገባ አለን፣ መንገድ ይዘጋል። ፈተን ለብቻው ማቆም ነበረብን፣ እኔና አባዬ እየገፋን። ገመዱ ተሰካ። መጠበቅ ተጀመረ። ፀሐይ ወጣ። ሸተተ። ኧረ መሽተት አይገልጸውም፣ ዓይን ያቃጥላል! ከሥሩ ቡናማ ጭማቂ ጠብ ጠብ እያለ አስፋልቱ ላይ መንገድ ሠራ። ሰው አፍንጫውን ይዞ ይሻገራል። ደስ ያለው አንድ ውሻ ብቻ ነው፣ ሊንከባለልበት ባለቤቱን ይጎትታል።

በዚህ መሃል ማን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? ዮርዲ! የክፍላችን ዮርዲ፣ አዲስ ነጭ ጫማውን አድርጎ።

«አርሴማ፣ አንቺ ነሽ እንዴ የምትሸቺው?»

«መኪናው ነው!»

«የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ የለውም ብለውኝ ነበር» ብሎ ሄደ። ሄደ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

ሶፋውን አደረስን። የጋሽ ዘርኣማርያም ጎረቤቶች ወደ ሳሎን አስገቡት። ጋሼ ቁጭ አሉበት፣ ተደላደሉ፣ ከዚያ አፍንጫቸው ተንቀሳቀሰ።

«ሕሩይ፣ ይሄ ነገር ይሸታል?»

«ቆዳ ነው ጋሼ። ቆዳ ሲሞቅ እንዲህ ነው። አይደል አርሲ?»

እኔ ሳልኩ። ሶፋው ጀርባ ላይ መዳፍ የምታክል ቡናማ ነገር እያየኋት ነው!

ኒድ ስንደርስ ጎረቤታችን፣ ጀርመኑ ገበሬ፣ አሮጌ ትንሽ ትራክተሩ ፋንድያ ባለበት ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ቆሟል። ይሄ ሰውዬ ጠዋት በስልክ ፎቶ ስንልክለት «አሻንጉሊት ገዛችሁ?» ብሎ የሳቀብን ነው። አባዬ አንሄንገሩን ፈታ፣ ደረቁ መንገድ ላይ ቆመ፣ ሰንሰለት አሰረ። የጫነው ፋንድያ ራሱ ክብደት ሆኖለት ጎማው አልተንሸራተተም። ከዚያ ያው... ነገርኳችሁ። ትራክተሩ ወጣ፣ እኔ በላሁ።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስተፋ፣ ስተፋ፣ ቀና ስል አባዬ ይስቃል። ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ገበሬው ባርኔጣውን አውልቆ መኪናውን ይዞራል፣ አባዬ ሆዱን ይዞ ይስቃል። አናደደኝ። ለምን ደስ አለኝ?

ቤት ስንመለስ ሊፍቱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ወረዱልን። እማዬ በሩን ከፍታ እጇን ዘረጋች።

«እዛው! አንድ እርምጃ እንዳትገቢ! እዚያው ሆነሽ ፍረጂ። ይሆናል አይሆንም?»

አባዬ ካልሲውን ያያል። አንድ ቃል ነው የቀረኝ። ቅዳሜዎቼ፣ ነፃነቴ፣ ንጹሕ አፍ! ግን አልዋሽም አይደል የተባልኩት?

«ባትሪው ጭነት ሲበዛ ቶሎ ያልቃል። መጫኛው አጭር ነው። ቻርጅ ማድረግ ራስ ምታት ነው» አልኩ። የአባዬ ትከሻ ወረደ። «ከጋጣው እስከ ኒድ ግን ደርሶ ይተርፈዋል። ባትሪውን የጨረሰው የጋሽ ዘርኣማርያም ሶፋ ነው። እማዬ፣ መኪናው ይሆናል። የማይሆነው አባዬ ነው!»

እማዬ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ይፈርም በቃ። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ አብረሽው ትሄጃለሽ፣ ስልኩንም የምታነሺው አንቺ ነሽ። እሱ እምቢ ማለት አይችልም።»

አያችሁ? እውነት ተናግሬ ዕድሜ ልክ ፋንድያ ተፈረደብኝ!

ሳልታጠብ ስልኩ ጮኸ። ጋሽ ዘርኣማርያም። አባዬ እንደ እሳት ወደ እኔ ወረወረው።

«አርሴማ ነሽ ልጄ? እግዜር ይስጥልኝ ለሶፋው። ነገ የንስሐ አባቴ ይመጣሉ፣ እሱ ላይ ነው የማስቀምጣቸው። ሽታው ግን አልለቀቀም። አባትሽ ቆዳ ነው ብሎኛል። ቆዳ ነው አይደል ልጄ?»

አባዬ ሁለት እጁን አገናኝቶ ይለምነኛል። እማዬ እጇን አጣጥፋ ታየኛለች። ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነው፣ አፌ ደግሞ አሁንም ፋንድያ ፋንድያ ይላል።

በናታችሁ ንገሩኝ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏቸው ነበር?