ሁለት ሠራተኞች በአንድ ቤት

ልጄ ባንክ ተቀጥራ፣ እድገት አግኝታ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ስትገዛ «እማ፣ ከእንግዲህ ማረፍ ነው» ብላ ወሰደችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ቤት እየሠራሁ ነው ያሳደግኳት። ማረፍ ከየት እንደሚጀመር ግን አላውቅም።

ቤቱ ውስጥ ሠራተኛ አለች። የመጀመሪያ ቀን «እትዬ፣ ሻይ ላምጣ?» ስትለኝ ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንደቆመ አየሁ። እትዬ ስል የኖርኩት እኔ ነኛ!

ጎህ ሳይቀድ ዓይኔ ይፈጣል። ተነሥቼ ዕቃውን አጥባለሁ፣ ወለሉን እወለውላለሁ፣ ልብሱን አሰጣለሁ። ሠራተኛዋ ስትነሣ የቀረ ነገር የለም። ያገዝኳት መስሎኝ ደስ ይለኛል።

አንድ ቀን ጠዋት ልጄ ወደ ሥራ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች።

«እማ፣ ይቺን ልጅ ላሰናብታት ነው። በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ተገትራ ነው የማያት።»

«ኧረ እኔ ነኝ የሠራሁት!»

«ለእሷ ብለሽ አትዋሺ። ማታ ስመለስ አያታለሁ፤ ያኔም ተገትራ ካገኘኋት ትሄዳለች።»

ማድ ቤት ስገባ ሠራተኛዋ ጥግ ይዛ ታለቅሳለች። ሰምታናለች።

«እትዬ፣ ምን በደልኩዎት? ከዚህ ወጥቼ የት እገባለሁ?»

«ላግዝሽ ብዬ እኮ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«አያግዙኝ፣ በእናትዎ!»

ምን ያደርጋል፣ የዚያን ቀን ሥራ እንደ ልማዴ ጎህ ሳይቀድ ጨርሼዋለሁ። ማታ የልጄ ኮቴ ደረጃው ላይ ሲሰማ ቤቱ እንደ መስታወት ያበራል። ሠራተኛዋ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆማለች። ግራ ቢገባኝ ሻዬን ከነስኳሩ ወለሉ ላይ ደፋሁት። አልበቃኝም፤ የአበባውን አፈር ገለበጥኩት።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ጥረጊው!» አልኳት። ድምፄ የድሮ አሠሪዬን መሰለኝ። ደነገጥኩ።

ልጄ ስትገባ ሠራተኛዋ ላብ በላብ ሆና ትወለውላለች።

«እንዲህ ነው እንጂ! ስትፈልጊ ትችያለሽ» አለቻት። ከዚያ አፈሩን አየችና ወደ እኔ ዞረች። «እማ፣ አንቺ ነሽ? አሞሻል እንዴ? ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

«ይሻላል» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ሠራተኛዋ እየወለወለች ሶፋው ሥር ደረሰች። «እግርዎን ያንሡልኝ» አለችኝ፤ ልትስቅ ትንሽ ቀርቷታል። አነሣሁላት። እጄ ግን መወልወያውን ሊቀበላት ተዘርግቷል። እጄን ሰብስቤ፣ ከልጄ ፊት፣ እግሬን እንዳንጠለጠልኩ ቀረሁ።