ሎሚን ያስወጣሁበት ጨዋታ

ቅዳሜ ቅዳሜ ጭሮ ባለው የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ሠላሳ ያህል ልጆች መዝሙር አስተምራለሁ። ከመዝሙሩ በፊት ሰውነታቸው እንዲሟሟቅ እናጫውታቸዋለን። አብሮኝ የሚያስተምረው ታምራት ከበሮ ይመታል፣ እኔ እጠራለሁ፦ «አጨብጭቡ! እርገጡ! ዙሩ!» የተሳሳተ ይወጣል። ግማሾቹ ቤታቸው የሚናገሩት ኦሮምኛ ብቻ ነው። እኔም ኦሮምኛ ጠፍቶኝ አይደለም፤ በደሳ ከተማ ያደግሁበት ቋንቋ ነው። ግን ሥልጠና ላይ የሰጡን ወረቀት «ትእዛዙ በአንድ ቋንቋ ይሁን» ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ሎሚ ልትማር ከቦኬ ወደ ጭሮ፣ አክስቷ ዘንድ የመጣች የስምንት ዓመት ልጅ ናት። ሁልጊዜ ከሌሎቹ ትንሽ ትዘገያለች፤ በየሳምንቱ መጀመሪያ የምትወጣው እሷ ነበረች። ወጥታም ግድግዳው ሥር ቆማ የልጆቹን እግር ታያለች። ለዓመቱ መዝጊያ በዓል የሚያቀርቡትን ስመርጥ ስሟን አልጠራሁም።

«ይቺ ልጅ ምት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም» አልኩት ለታምራት፣ እዚያው እሷ ባለችበት።

«ቃሉ ሳይገባት ቀርቶ እንዳይሆን፣ እንቁ። እስቲ በኦሮምኛም ጥሪላቸው።»

«አንተ ከበሮህን ምታ!» አልኩት። ምላሴ ሁልጊዜ ይቀድመኛል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሎሚ አልመጣችም፤ ከዚያም ወዲያ ቀረች። እውነቱን ልናገርና መቅረቷን ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ገበያ ወርጄ አየኋት። አክስቷ ሽንኩርት ከምትሸጥበት ጀርባ የነጋዴ ልጆች ሰብስባ ታጫውታለች። የእኔኑ ጨዋታ! አፏን ሳትከፍት ታጨበጭባለች፣ ትረግጣለች፣ ትዞራለች፤ አማርኛ የሚያወራውም ኦሮምኛ የሚያወራውም እኩል ይከተላታል። አንድ ምት አልሳተችም። የተሳሳተ ሲኖር ፊቱ ቆማ እስኪይዘው ትደግምለታለች። ማንንም አላስወጣችም። አፈርኩ፤ ዘንቢሌን ይዤ እዚያው ቆሜ አፈርኩ።

ጨዋታው ጋብ ሲል ተጠጋሁ።

«ሎሚ፣ ኮቱ፣ ነይ እስቲ» አልኳት። በኦሮምኛ ይቅርታ ጠየቅኳት። በበዓሉ ልጆቹን የምትመራው እሷ እንድትሆን እንደምፈልግ፣ ከእንግዲህም በሁለቱም ቋንቋ እንደምጠራ ነገርኳት። አቀርቅራ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ቀና ብላ ጥርት ባለ አማርኛ መለሰችልኝ።

«ቲቸር፣ አሁን አማርኛ ችያለሁ። አጨብጭቡ፣ እርገጡ፣ ዙሩ፤ ሁሉንም አውቃለሁ። እዚያ ግን አልመጣም» ብላ ልጆቹ ወደሚጠብቋት ተመለሰች።