የራድ ወንድማማቾች ጭብጨባ

ኦዴል ነዳጅ ማደያው ላይ ሁለት ከረጢት ቅቅል ኦቾሎኒ ገዝቶ፣ አንዱን ጎኑ ወዳለው ወንበር ከወረወረ በኋላ ነው ያደረገውን ልብ ያለው። ወንበሩ ላይ ማንም የለም። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያ ተቀምጦ ልጣጩን በመስኮት ሲተፋ የኖረው ዌንደል ባለፈው ማክሰኞ ልቡ ቀጥ ብላ ሞቷል። ኦዴል አሁን ወደ ቀብሩ እየሄደ ነው። ከረጢቱን ሊያነሳው እጁን ሰደደና ተወው።

ዌንደል ወንድሙ አልነበረም። ይህን የሚያውቁ ሰዎች በጣት ይቆጠራሉ። ከቴነሲ እስከ ፍሎሪዳ ባሕር ዳርቻ ሬስሊንግ የሚባለውን የትርኢት ትግል የሚያይ ሰው ሁሉ ግን "የራድ ወንድማማቾች" ብሎ ያውቃቸዋል፤ ያውቃቸዋል ማለት ይጠላቸዋል ማለት ነው። ዌንደል የኬንታኪ ከሰል ቆፋሪ ልጅ ነው፣ ኦዴል ደግሞ የጆርጂያ አናጢ ልጅ። አንድ የትግል አዘጋጅ አንድ ቀን ጎን ለጎን አቁሟቸው "አፍንጫችሁ ይመሳሰላል" አለ፣ ጸጉራቸውን ቢጫ አስነከራቸው፣ ራድ የሚል ስም አወጣላቸው፣ በዚያው ወንድማማቾች ሆነው ቀሩ።

የሙያው ሕግ አንድ ነው፤ የትርኢቱ ሚስጥር ከሪንግ፣ ከመታገያው መድረክ፣ አይወጣም። ሪንግ ላይ ክፉ ሆኖ የሚጫወት ሰው ገበያም ሄዶ ክፉ ነው፣ ፀጉር አስተካካይ ቤትም ክፉ ነው። ወንድም የተባለም እስከ መጨረሻው ወንድም ነው። በዚህ ነገር ዌንደል ቀልድ አያውቅም። የኦዴል ሚስት "ለእኔ እንኳ እውነቱን ብትነግረኝ ምን አለበት?" ብላ ያለቀሰች ዕለት ኦዴል ሚስጥሩን አላወጣላትም። እሷም ልብሷን ሰብስባ ሄደች። ዌንደል ያን ቀን በመኪና ሲሄዱ የራሱን የኦቾሎኒ ከረጢት አቀበለው፤ ኦዴልን በሕይወቱ ያጽናናው ሰው ቢኖር ያ ነው።

ደግሞ ጭብጨባው አለ። በጥንድ ትግል አንዱ ሲታገል ሌላው ከገመዱ ውጭ ጥጉን ይዞ ይቆማል፤ ጓደኛው እጁን ካልነካው አይገባም። ራዶች ግን አይነካኩም ነበር። ዳኛው ጀርባውን ሲሰጥ አንደኛቸው ጧ አድርጎ አንዴ ያጨበጭባል። ዳኛው ድምፁን ሰምቶ ሲዞር የተነካኩ ይመስለውና "ግባ" ይላል። አዳራሹ በቁጣ ይነዳል።

"ሰው ብናንቅ ይቅር ይሉናል" ይል ነበር ዌንደል። "በወንበር ብንማታም ይረሱታል። በዓይኑ ያየውን ሰው 'አላየህም' ስትለው ግን ያብድልሃል።"

እውነቱን ነበር። እንዲህ እያሉ አስራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን እጅ ለእጅ ሳይነካኩ ኖሩ።

ኦዴልን አሁን የከበደው ሞቱ ብቻ አይደለም። ትናንት የዌንደል እህት ሎሪን ደውላለት ነበር። ሎሪን ወደ አላባማ ተድራ የሄደች፣ በመዘምራን ውስጥ የምታገለግል ሴት ናት፤ ዌንደል የሚቀበረውም በእሷ ከተማ ነው።

"መምጣትህን አልከለክልም" አለችው። "ግን ስማኝ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሱቅ በሄድኩ ቁጥር 'ሁለቱ ወንድሞችሽ እንዴት ናቸው?' ይሉኛል፤ እኔም 'ደህና ናቸው' እያልኩ ዋሽቻለሁ። ለዌንደል ስል። በእግዚአብሔር ቤት ግን አልዋሽም። እናቴ የወለደችው አንድ ወንድ ልጅ ነው። ከቤተሰቡ ጋር አትቀመጥ።"

"እሺ፣ ሎሪን።"

እሺ ማለት ቀላል ነው። ከተማው ሁሉ እያየው ከኋላ ቢቀመጥ ሰው ምን ይላል? ዌንደል ነፍሱ እስክትወጣ የጠበቀውን ሚስጥር በቀብሩ ቀን ሊያወጣበት ነው። ከፊት ቢቀመጥ ደግሞ የሟችን እህት ያስቀይማል። ከሁሉ በላይ ግን፣ ከራሱም ሳይደብቅ፣ ከፊት መቀመጥ ፈለገ። ሌላ ማንም አልነበረውም።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጥቁር ክራባት ያሰረ አስተናባሪ አስቆመው።

"ቤተሰብ ነህ ወይስ ወዳጅ?"

ከኋላው አራት አምስት ሰዎች ቆመዋል። ቢጫ ጸጉሩን አይተው መንሾካሾክ ጀምረዋል። ኦዴል ኮፍያውን በእጁ አዟዟረው።

"ከኋላ እቀመጣለሁ" አለና ገባ።

የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ብቻውን ተቀመጠ። አንድ መቶ አስር ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲቀመጥ አግዳሚው ጮኸና ሰዎች ዞሩ፤ አይተውት ተመለሱ። አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፋ። ፊት ለፊት ሎሪን ጥቁር ባርኔጣ አድርጋ ተቀምጣለች። አንገቷ የዌንደል አንገት ነው። ኦዴል ከዚያ በኋላ ወደዚያ ማየት አልቻለም።

መዝሙሩ ሲጀመር አንዲት ቀጫጫ አሮጊት ከዘራቸውን እያንኳኩ መጥተው ጎኑ ዘፍ አሉ። ወዲያው አወቃቸው። ሚስ ኦዜላ ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ የከተማው አዳራሽ የፊት ረድፍ ላይ ተቀምጠው "አልነካውም! ዳኛ፣ አልነካውም እኮ!" ብለው ጉሮሯቸው እስኪዘጋ የሚጮሁት እሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ የዌንደልን መቀመጫ በባርኔጣ መርፌ ወግተውታል።

"አንተ ውሸታም" አሉት በሹክሹክታ።

"ደህና ዋሉ፣ ሚስ ኦዜላ።"

"እዚህ ምን ትሠራለህ? ወንድምህ ፊት ተጋድሞ አንተ ከኋላ?"

ኦዴል አፉን ከፈተ። ዌንደል ሞቷል፣ ሚስቱ ሄዳለች፣ እውነቱን ለአንድ ሰው መንገር አማረው። "ሚስ ኦዜላ፣ እኔና ዌንደል እኮ..."

"ተጣልታችኋል" አሉ አሮጊቷ። "ገባኝ። ሎሪን ናት ከኋላ ያስቀመጠችህ?"

"አይደለም፣ እኛ ወንድማ..."

"ዝም በል። አስራ ዘጠኝ ዓመት ዋሽተኸኛል፣ ዛሬ እንኳ ተወኝ። በአዳራሹ የጓሮ በር ላይ በአንድ ከረጢት ኦቾሎኒ ስትነታረኩ በዓይኔ አይቻለሁ። 'ትልቁን አንተ በላህ፣ ትልቁን አንተ በላህ' ስትባባሉ። እንደዚያ የሚነታረክ የአንድ እናት ልጅ ብቻ ነው።"

ኦዴል ሳቅ ሊያመልጠው ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ነገር ሆነና መሐረቡን አወጣ። ሚስ ኦዜላ ቦርሳቸውን ከፍተው ከረሜላ ሰጡትና እስከ ጸሎቱ ፍጻሜ አላናገሩትም። ትከሻቸው ግን ክንዱን ተደግፎ ነበር። ከማክሰኞ ወዲህ ሰው ሲነካው የመጀመሪያው ነው።

መቃብሩ ጋ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ሰባኪው ጨረሰ። ዘመዶች አንድ በአንድ እየቀረቡ ሳጥኑን በእጃቸው እየነኩ ተመለሱ። ኦዴል ቃሉን ጠብቆ ከዛፉ ሥር ቆሞ ቀረ። የመጨረሻዋ ሎሪን ነበረች፤ ነክታው ቀና ስትል የሚስ ኦዜላ ከዘራ መሬቱን መታው።

"ሎሪን፣ ወንድምሽ ይሰናበተው እንጂ።"

ሰው ሁሉ ዞረ። ኦዴል ጉድጓዱ እሱን ቢውጠው ደስ ባለው ነበር። ሎሪን ፊቷ ቀላ። አንድ ቃል ይበቃታል፤ "ወንድሜ አይደለም" ካለች ሁሉም ነገር እዚያው ያበቃል። አፏ ሲከፈት ኦዴል አየ። ከዚያ ዓይኖቿ ቢጫ ጸጉሩ ላይ አረፉ። ጸጉሩ ሥሩ ሸብቶ ቢጫው ወደ ጫፍ ሸሽቷል፤ ልክ ሳጥኑ ውስጥ እንዳለው ሰው ጸጉር። ያን ጸጉር ዛሬ ጠዋት በእጇ አበጥራለች።

ሎሪን ከሳጥኑ ራስጌ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀች።

ኦዴል ሄደ። ብዙ እርምጃ አልነበረም፣ ግን ረዘመበት። ሳጥኑ ጋ ሲደርስ ሁለቱ እጆቹ በልማድ ደረቱ ፊት ከፍ አሉ፣ መዳፍ ለመዳፍ ሊገናኙ ትንሽ ሲቀራቸው ቆሙ። ግራውን አወረደ። ቀኙን እንጨቱ ላይ ዘርግቶ አሳረፈ። እንጨቱ በፀሐይ ሞቋል። ከውስጥ የሚመልስለት እጅ እንደሌለ እያወቀ ጠበቀ፣ እንደገና ጠበቀ፣ ከዚያ እጁን አነሳ።

ሚስ ኦዜላ ከዘራቸውን ተደግፈው አንገታቸውን አስግገው ሲያዩ ቆይተው ወደ ሰባኪው ዞሩ፤ እንባቸው ሳይጠረግ፣ እንደ ሐሙሱ ሁሉ ጮክ ብለው።

"ነካው" አሉ። "ዛሬ ነካው። እኔ አይቻለሁ።"