የአረንጓዴው ጨሌ ቀዳዳ

አማልክቱ በባሕር በኩል ቅዳሜ ገቡ። ከዚያ ወዲያ በኢዙሞ ምድር ለአንድ ሳምንት ሚስማር አይመታም፣ አይዘፈንም፣ ጥፍር እንኳ አይቆረጥም። ከየአገሩ የመጡት አማልክት ማን ከማን ጋር እንደሚጋባ ጉባኤ ተቀምጠው ሲወስኑ መረበሽ የለባቸውም። እማማ ያሱኤ እሑድ ጧት የግድግዳውን ሰዓት አውርደው በብርድ ልብስ ጠቀለሉት።

“አያቴ፣ ሰዓቱ ምን አደረገሽ?” አለች የልጅ ልጃቸው ሚትሱሆ።

“ቀጭ ቀጭ ይላል።”

ሚትሱሆ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ አላገባችም። የእማማ ያሱኤ ባል፣ ድንጋይ ሠሪው ሟቹ አያቷ ቶራኪቺ በተዉላት ክፍል ውስጥ የድንጋይ ጌጥ ትሠራለች። ዘንድሮ የያዘችው የፀሐይዋን አምላክ ታሪክ ነው። ተቀይማ ዋሻ ውስጥ ስትደበቅና ዓለም ሲጨልም፣ አማልክቱ እሷን ለማባበል ዛፍ ላይ ጨሌ ሰቀሉ ይባላል። የሚትሱሆ ሐብል ከማጅራት በጥቁር ድንጋይ ይጀምርና ወደ ደረት ሲወርድ ቀይ ሰርድዮን፣ ከዚያም እንደ ብርሌ የጠራ ነጭ ድንጋይ እየሆነ ይነጋል። መሃል ላይ የሚውለው እንደ ኩላሊት የጎበጠ ትልቅ አረንጓዴ የኢያስጲድ ጨሌ ነው። ተሞርዶ፣ ተወልውሎ አልቋል። የቀረው ጭንቅላቱ ላይ የሚበሳው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው።

ድንጋዩ የወጣበት ተራራ ከተዘጋ ቆይቷል። ቤት ውስጥ ሦስት ነበሩ፤ ሁለቱን ሚትሱሆ ስትበሳቸው መሰርሰሪያው በወዲያኛው በኩል ብቅ ሲል ጠርዛቸው ተፈንቅሎ ወደቀ። ይሄ የመጨረሻው ነው። ዓርብ ማትሱኤ ከተማ ላይ የባለሙያዎቹ ማኅበር ሥራዋን አይቶ አባል ያደርጋታል ወይም አያደርጋትም። ካላደረጋት ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ኦሳካ ያለ የኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ ይጠብቃታል። እማማ ያሱኤ ኦሳካን አንድ ጊዜ አይተውታል። መንገድ የሚሻገረው ሰው ብዛት እስከ ዛሬ ያስጨንቃቸዋል።

“ነገ እበሳዋለሁ” አለች ሚትሱሆ ማክሰኞ ዕለት።

“በዚያ በሚጮኸው ማሽን? በዚህ ሳምንት? ስላንቺ እየተነጋገሩ?”

“ያለ እኔም ይነጋገሩ።”

“ያለ አንቺማ አምስት ዓመት ተነጋገሩ! ውጤቱን አየነው።”

“አያቴ፣ አልበሳም ማለት ኦሳካ እሄዳለሁ ማለት ነው። አንዱን ምረጪ።”

እማማ ያሱኤ ያን ሌሊት አልተኙም። ብትበሳ አማልክቱ ይቀየሟታል፤ ባትበሳ ኦሳካ አለ። ኦሳካ ሄዳ ሳታገባ የምትቀርበት መንገድም ስላለ እሱንም አሰቡት።

ረቡዕ ጧት ሚትሱሆ የሐብሉን የሐር ክር ልትገዛ ወጣች። “ስመለስ እበሳዋለሁ” ብላለች። እማማ ያሱኤ በቤቱ የአማልክት መደርደሪያ ፊት ቆሙና ድምፅ እንዳይሰማ መዳፎቻቸውን ሳያነካኩ አራቴ አጨበጨቡ።

“የምጮኸው እኔ ነኝ” አሉ። “ያሱኤ፣ የሰባ ስድስት ዓመት፣ ከድልድዩ ማዶ ሦስተኛው ቤት። ባሌ ሞቷል፣ ሌላ አልፈልግም፤ ስለ እኔ የምትወስኑት ነገር የለም። ልጅቷ ቤት የለችም። ተጽፎ ይያዝልኝ።”

ከዚያ ከቁም ሳጥኑ ሥር የድሮውን ባለ ደጋን መሰርሰሪያ አወጡ። ጨሌውን በሞቀ የጥድ ሙጫ ከአንድ ውራጅ ድንጋይ ጋር አጣበቁት፤ አሸዋና ውሃ ጨመሩበትና ደጋኑን ወዲህ ወዲያ ይስቡ ጀመር። ድንጋዩ እንደሚታረድ አሳማ ጮኸ።

ጎረቤታቸው ጋሽ ካጌያማ በነጠላ ጫማ እየሮጡ መጡ። “እትዬ ያሱኤ! ምን እያደረጉ ነው? አማልክቱ እኮ እዚህ ናቸው!”

“ነግሬያቸዋለሁ። የእኔ ፋይል ተዘግቷል።”

ጋሽ ካጌያማ ሚስታቸው ከሞተች ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። ቆመው አሰቡ። “የእኔም ተዘግቷል እኮ” አሉና ቁጭ ብለው የውሃውን ማንቆርቆሪያ ያዙ።

ሚትሱሆ ስትመለስ ቀዳዳው አልቆ ነበር። ሙጫውን አላቃ ድንጋዩን ገለባበጠችው። በወዲያኛው በኩል የፀጉር ያህል እንኳ አልተፈነቀለም።

“አያቴ፣ የማኅበሩን ቅጽ አንብበሽዋል አይደል? ‘ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሴ እጅ’ ይላል።”

“ከሱቅ አትግዙ ማለቱ መስሎኝ።”

“የሳል ሽሮፕ ወረቀት ሦስቴ የምታነብ ሴት!”

“ዝም በይ በቃ። ቀዳዳ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም።”

ዓርብ ዕለት ጠየቁ። ማኅበሩን የሚመራው ባለ መነጽር ሰውዬ ሐብሉን ወደ ብርሃን አንስቶ ሌላውን ሁሉ ትቶ በዚያች ቀዳዳ አየ።

“ከአንድ ወገን ብቻ ተበስቶ ጠርዙ አልተነካም” አለ። “እንዲህ ያለ ያየሁት በሟቹ በቶራኪቺ ሥራ ላይ ብቻ ነው። ማን በሳው?”

እማማ ያሱኤ ከበሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጣሪያውን አዩ።

“አያቴ ናት” አለች ሚትሱሆ።

ሰውዬው ብዕሩን አንስቶ የሚትሱሆን ስም ሰረዘ። ከአጠገቡ የነበሩት ሁለቱ አንገታቸውን ደፉ። ደግሞ ቀና ብሎ፣ “በሕይወት አሉ?” አለ።

“ያቺት፣ በሩ ጋ።”

ሰውዬው ተነስቶ እስከ ወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳቸው። ለሚትሱሆ፣ “የዘንድሮው አይሆንም” አላት። “ይህን ቀዳዳ እዚህ ከተቀመጥነው መሃል የሚበሳ የለም። ከአያትሽ ተማሪና ለከርሞ ሌላ ጨሌ በራስሽ እጅ በስተሽ ይዘሽ ነይ። ድንጋዩ ከየትም ይሁን።”

አውቶቡስ ውስጥ ሚትሱሆ ወደ ኦሳካ ደውላ እንደማትመጣ ነገረቻቸው። ይቅርታ ስትጠይቅ፣ ስታመሰግን፣ እንደገና ይቅርታ ስትጠይቅ እማማ ያሱኤ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያዩ ነበር። ስልኩ ሲዘጋ፣ “ተቆጡሽ?” አሉ።

“አልተቆጡም።”

“የሚቆጡ ቢሆኑ ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰዎች ናቸው ብለን እንረሳቸው ነበር።”

አማልክቱ በሄዱ ማግስት እማማ ያሱኤ ከወንዝ የለቀሙትን ተራ ድንጋይ ሙጫ ላይ አስቀምጠው ደጋኑን ለልጅቷ ሰጧት። ደጋኑ ሦስተኛ ጊዜ ሲሳብ ድንጋዩ ተሰነጠቀ። በአራተኛው ድንጋይ ላይ እጃቸውን በእጇ ላይ ጫኑ።

“አትጫኚው። አያትሽም ይጫን ነበር።”

ሚትሱሆ ደጋኑን አቆመች። “አያቴ ቶራኪቺ? ሰው ሁሉ የሚያወራው እኮ ስለ እሱ ቀዳዳ ነው።”

“ቅርጹ ብቻ ነው የእሱ” አሉ እማማ ያሱኤ። “ውሃ ጨምሪ።”