ቁስሉ እስኪዘጋ

ሣህሊቱ ሆስፒታል በገባች ቁጥር መጀመሪያ የምትሄደው ወደ መጸዳጃ ቤት ነው። እዚያ ጥቁር ቀሚሷን አውልቃ በፌስታል የያዘችውን ባለአበባ ቀሚስ ትለብሳለች። ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥባ፣ መስታወቱ ፊት ፈገግታ ትሞክርና ወደ ልጇ ክፍል ትወጣለች።

ባሏ በዛብህ አዲስ አበባ ካረፈ ሳምንታት አልፈዋል። አሜሪካ ከእሷ ጋር የሚኖረው ልጃቸው ናሁም ግን መርዶው አልተነገረውም።

ናሁም በልጅነቱ ቶንሲል ያበላሸው የልቡ ቫልቭ ተቀይሮለት፣ ሊወጣ ነው ሲባል ትኩሳት ያዘው፤ ከስፌቱም መግል ይወጣ ጀመር። ሐኪሞቹ ደረቱን እንደገና ከፈቱት። አጥንቱን ያሰሩበትን ሽቦ አወጡ፤ የሞተውን አጥንት ጠረጉ፤ ቁስሉን በፋሻ እየጠቀጠቁ ለቀናት ክፍት አቆዩት። በመጨረሻም የራሱን የደረት ጡንቻ ስበው ሸፈኑት።

"ስፌቱ እንዳይላቀቅ" አለች ነርሷ። "ሲያስለው ይህችን ትራስ ደረቱ ላይ አጥብቆ ይቀፍ።"

ለሳል ትራስ ካስፈለገ፣ ለአባት ለቅሶ ምን ሊበቃ ነው? ሣህሊቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣች።

"ቁስሉ እስኪዘጋ ትንፍሽ እንዳትይ" አሏት ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ቼሪ መንገድ ላይ ሱቅ ያላቸው፣ ከምትኖርበት ከቢከን ሂል ሰፈር ሆስፒታል በመኪናቸው የሚያመላልሷት ሽማግሌ። "ሲድን ሰብሰብ ብለን በማለዳ እንነግረዋለን።"

"እርስዎ ምን አለብዎት ጋሼ! ዓይኑን የማየው እኔ ነኝ።"

ያን ዕለት ናሁም ቀና ብሎ ተቀምጦ ሾርባ እየጠጣ ነበር።

"እማዬ፣ አባዬ ኮል አደረገ?"

"መስመሩ ተበላሽቷል አሉ። እዚያ ዝናብ ነው።"

"ሶ፣ ድምፁን ቀድቶ ካሴትስ አልላከም?"

"ይልካል። አባትህ አንተን መቼ ይረሳል? ደግ ሰው ነው።"

ናሁም ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ምን አልሽ?"

"ደግ ሰው ነው አልኩ። ምነው?"

"አሜሪካ አልሄድም ብሎ ከቀረ ጀምሮ 'ያ ግትር፣ ያ ድንጋይ ራስ' ሳትዪ ስሙን አንስተሽ አታውቂም እኮ። ሰሞኑን አንዴም አልሰደብሽውም።"

"ወይ ጉድ! ልስደበው እንዴ? ያ..." አለች። "ያ ግት..."



ልጇ አያት። ከዚያ ቀስ ብሎ ትራሱን አነሳና፣ ነርሷ እንዳሳየችው በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አጥብቆ አቀፈው።

"ኦኬ" አለ። "ያዝኩት። አሁን ንገሪኝ።"

ሣህሊቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እጆቿን በእጆቹ ላይ ደርባ ትራሱን አብራው ያዘች። ገና አፏን ሳትከፍት ደረቱ ከትራሱ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማት።

"ቀስ ልጄ" አለችው። "ቀስ ብለህ አልቅስ።"